ቀጋና ጽጌረዳ፤ የዘር ሐረግ ዕውቀት ለአበባው ንግድ

ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በሁለት ነገር ይጸናል። አንደኛው የዕቃው መልካምነት ነው፤ ሁለተኛው የስሙ እርግጠኛነት ነው። ቡና ነጋዴው ከየት እንደ መጣ የማያውቀውን ቡና፥ ወርቅ ሻጩም ምን ያህል ንጹሕ መሆኑ ያልተፈተነውን ወርቅ በሙሉ ዋጋ ለመሸጥ አይችልም። ይህ ደንብ ለእህል፥ ለቆዳና ለቡና እንደሚሠራ ለማንኛውም ነጋዴ የታወቀ ነው፤ በአበባ ንግድ ዘንድ ግን ገና በሚገባ አልታሰበበትም። ጽጌረዳ በካርቶን ታሽጎና በአውሮፕላን ተጭኖ ሆላንድ ካለው የጨረታ ገበያ ሲደርስ የሚጠየቀው የግንዱ ርዝመት፥ የእምቡጡ መጠንና በውሃ ውስጥ ሳይጠወልግ የሚቆይበት የቀን ብዛት ነው። ትውልዱ ከየት እንደሚመዘዝ የሚጠይቅ ገዢ አይገኝም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ግን አለ፤ እርሱም አዲሱን የጽጌረዳ ዓይነት አዳቅሎ ያወጣውና ስለ ተተከለው ተክል ሁሉ የባለቤትነት ክፍያ የሚቀበለው አዳቃይ ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ምዕት ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በአበባ ንግድ ፈጣን እርምጃ አድርጋ፥ ከአፍሪቃ አገሮች መካከል ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ለመሆን በቅታለች። አምራቾቹና ላኪዎቹም በ2002 ማኅበራቸውን አቋቁመዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሆለታ፥ በሰበታ፥ በቢሾፍቱ፥ በቆቃና በዝዋይ የተንጣለሉት የላስቲክ ቤቶች ለብዙ ሺሕ ሠራተኞች፥ ይልቁንም ለሴቶች፥ የእንጀራ ምንጭ ሆነዋል። ይሁንና በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚበቅሉት ጽጌረዳዎች በአብዛኛው በሆላንድ፥ በጀርመንና በፈረንሳይ አዳቃዮች እጅ የወጡ ናቸው። መሬቱ፥ ውሃው፥ ፀሐዩና ጉልበቱ የኢትዮጵያ ሲሆኑ፥ ዘሩ ግን በኪራይ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ በአንድ የአበባ ተክል ቅጠል ውስጥ ያለውን የዘር ጽሑፍ የማንበብ ሥራ፥ ምንም እንኳ በመጀመሪያ ሲያዩት የሊቃውንት ብቻ ጉዳይ ቢመስል፥ ነጋዴውን በቀጥታ የሚመለከት ነገር ነው። ምክንያቱም ኢትዮጵያ የራስዋ ጽጌረዳ አላት።

በአጥር ሥር ያለው ሀብት

ይህ ጽጌረዳ ቀጋ ነው። ቀጋን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ እየተጠማዘዘ የሚበቅል፥ እሾሁ የሚያስፈራ፥ አምስት ቅጠል ያለው ነጭ አበባ የሚያብብ፥ ፍሬው ሲበስል ቀይ ሆኖ በእረኞች የሚበላ ቁጥቋጦ ነው። በወይና ደጋና በደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ይገኛል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ በሶማሊያ፥ በሱዳንና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ይበቅላል። የእንግሊዙ የዕፀዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ በ1820 ስለ ጽጌረዳዎች ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ «ሮዛ አቢሲኒካ» በሚል ስም በሊቃውንት መዝገብ ገብቷል። ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪቃ ክፍል ሁሉ ሰው ሳይተክለው በተፈጥሮ የሚገኘው የጽጌረዳ ዝርያ ይኸው ቀጋ ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ የዱር ጽጌረዳ ዝርያዎች እንዳሉ ይቈጠራል፤ አብዛኞቹ የሚገኙት በእስያ ነው። ቀጋ የሚመደበው በአበባው መካከል ያሉት የሴቴ ዘንጎች ተጣብቀው እንደ አንድ ዓምድ ከሚቆሙት ዝርያዎች ወገን ነው። ከዚሁ ወገን የጃፓንና የቻይናው ባለብዙ አበባ ጽጌረዳ ሮዛ መልቲፍሎራ፥ በሜዲቴራኒያን ዳርቻ የሚገኘው ሮዛ ሴምፐርቪረንስ፥ ስለ ሽታው የተመሰገነው ሮዛ ሞስካታም ይገኛሉ። እንግዲህ በአጥር ሥር የቆመው ቁጥቋጦ ዘመዶቹ በንግዱ ዓለም ስመ ጥር የሆኑ ታላቅ ቤተሰብ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፥ ቀጋ ግን እስከ ዛሬ ለአጥርና ለማገዶ ከመቈረጥ በቀር በንግዱ መዝገብ የተጻፈለት ዋጋ የለም።

አንዳንድ ሰው «ይህ ነጭና ጥቃቅን አበባ ለማን ይሸጣል?» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የዱር ዝርያ የሚፈለገው ለአበባው መልክ ሳይሆን ለልጆቹ ስለሚያወርሰው ጠባይ ነው። ሮዛ መልቲፍሎራም አበባው ነጭ፥ ጥቃቅንና ባለአምስት ቅጠል ነው፤ ነገር ግን የፈረንሳዩ አዳቃይ ጊዮ በ1875 ያወጣው «ፓከሬት» የተባለው ጽጌረዳና ከእርሱ በኋላ የመጡት በዘለላ የሚያብቡ የአትክልት ጽጌረዳዎች ከዚህ ተክል ደም የተወለዱ ናቸው። የደጋውን ውርጭና የበጋውን ድርቅ ችሎ በጭንጫ መሬት የሚኖር ተክል ምን ዓይነት ውርስ እንደ ተሸከመ መመርመር የማንኛውም አስተዋይ አዳቃይ ሥራ ነው። ቤተሰቡ ሳይታወቅ ግን ከማን ጋር እንደሚዳቀል አይታወቅም።

አረንጓዴው ቅንጣትና ጽሑፉ

የተክል ቅጠል አረንጓዴ የሆነው በሕዋሱ ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስላሉ ነው። የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ከአየርና ከውሃ ምግብ የሚያዘጋጁት እነዚህ ናቸው። እንግዳ የሆነው ነገር ግን ክሎሮፕላስት ከሕዋሱ አስኳል የተለየ የራሱ የዘር ጽሑፍ ያለው መሆኑ ነው። የመስኮቡ ሊቅ ኮንስታንቲን ሜሬሽኮቭስኪ በ1905 እነዚህ ቅንጣቶች በጥንት ዘመን ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩና በኋላ በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብተው የቀሩ ረቂቅ ፍጥረቶች ናቸው የሚል አሳብ አቀረበ። አሜሪቃዊቱ ሊን ማርጉሊስ በ1967 አሳቡን አድሳ በሰፊው አስረዳች፤ በክሎሮፕላስት ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ በዝርዝር ሲመረመርም ነገሩ እውነት መሆኑ ታወቀ።

ይህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር የተነበበው በ1986 በጃፓን አገር ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የጃፓን ሊቃውንት ቡድኖች አንዱ የትንባሆን፥ ሌላው ማርካንቲያ የሚባለውን በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ትንሽ ተክል የክሎሮፕላስት ጽሑፍ አነበቡ። የትንባሆው 155,844፥ የማርካንቲያው 121,024 ጥንድ ፊደላት ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ሥራው የብዙ ሰዎችን የብዙ ጊዜ ድካም የሚጠይቅ ነበር። ዛሬ ግን ከቅጠል የወጣው ዲ ኤን ኤ በብዙ ሚሊዮን ቍርጥራጭ ተከፋፍሎ በመኪና ይነበብና፥ ቍርጥራጮቹ በሒሳብ መኪና ይገጣጠማሉ።

የጽጌረዳ ክሎሮፕላስት ጽሑፍ ከ156,000 እስከ 157,000 በሚደርሱ ጥንድ ፊደላት የተጻፈ ነው። በክብ ቅርጽ ሲሣል አራት ክፍል አለው፤ ወደ 86,000 የሚጠጋው ሰፊው ክፍል፥ ወደ 19,000 የሚጠጋው ጠባቡ ክፍል፥ እንደዚሁም በሁለቱ መካከል ገብተው እንደ መስታወት ምስል ተቃራኒ ሆነው የሚደጋገሙት እያንዳንዳቸው ወደ 26,000 የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በውስጡም ወደ 110 የሚሆኑ ልዩ ልዩ ዘረ መሎች ይገኛሉ። ይህ አቀማመጥ ከጽጌረዳ ጽጌረዳ ብዙ አይለዋወጥም፤ ፊደላቱም ከአስኳሉ ፊደላት ይልቅ በዝግታ ይለወጣሉ። ይህ ዝግታ ለመርማሪው ታላቅ ጥቅም ነው፤ ከረጅም ዘመን በፊት የተለያዩ ዝርያዎችን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ከየትኛው እንደ ተለየ ለመከተል ያስችለዋልና።

ሌላም ጥቅም አለ። በአንድ የቅጠል ሕዋስ ውስጥ የአስኳሉ ጽሑፍ ጥቂት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፥ የክሎሮፕላስቱ ጽሑፍ በመቶና በሺሕ በሚቈጠር ቅጂ ይገኛል። ስለዚህ በጥቂት ንባብ፥ በጥቂትም ወጪ ሙሉው ጽሑፍ ይገኛል፤ ከብዙ ዓመት በፊት ደርቆ በዕፀዋት ማኅደር ከተቀመጠ ቅጠል እንኳ ለማንበብ ይቻላል።

የእናት ምስክርነት

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። የክሎሮፕላስት ጽሑፍ የሚመሰክረው ግን የዘርን ሁሉ ሳይሆን የእናትን ሐረግ ነው። በአብዛኞቹ ባለአበባ ዕፀዋት፥ በጽጌረዳም ጭምር፥ ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከሴቴው ዘር ብቻ ነው፤ የወንዴው ብናኝ ይህን ጽሑፍ ለልጁ አያስተላልፍም። ስለዚህ ሁለት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ልጁ የአስኳሉን ጽሑፍ ከሁለቱም፥ የክሎሮፕላስቱን ግን ከእናቱ ብቻ ይወርሳል።

ከዚህ የሚገኘውን ፍሬ ለማሳየት የደማስቆ ጽጌረዳ መልካም ምሳሌ ነው። በቡልጋርያ የካዛንላክ ሸለቆ፥ በቱርክ አገርም በኢስፓርታ አካባቢ የጽጌረዳ ዘይት የሚጨመቀው ከዚህ ተክል ነው። ዘይቱ በሽቱ ንግድ ዘንድ በጥቂቱ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሸቀጥ ነው። የደማስቆ ጽጌረዳ ዲቃላ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ ቢታመንም ወላጆቹ እነማን እንደ ሆኑ ብዙ ክርክር ነበር። የጃፓን መርማሪዎች በ2000 የአስኳሉንና የክሎሮፕላስቱን ምስክርነት አስተያይተው ወላጆቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት መሆናቸውን አስታወቁ። እናቲቱ ሮዛ ሞስካታ ስትሆን፥ ከሮዛ ጋሊካ ጋር ተዳቅላ የወለደችው ዲቃላ ደግሞ ከመካከለኛው እስያው ሮዛ ፌድቼንኮአና ብናኝ ተቀበለች። አራት ጥንታውያን የደማስቆ ዓይነቶችም ሲመረመሩ ልዩነት ሳይገኝባቸው ቀረ፤ ይኸውም ለብዙ ምዕት ዓመት የአንድ ተክል ቅርንጫፍ እየተቈረጠ ሲተከል የኖረ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ቡና ነው። ኮፊያ አራቢካ ከሁለት ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ተክል ነው። የክሎሮፕላስቱ ጽሑፍ ሲመረመር እናቱ ኮፊያ ዩጂኒኦይደስ የምትባለው የምሥራቅ አፍሪቃ ዝርያ ወገን ሆና ተገኘች፤ አባቱ ደግሞ ሮቡስታ ተብሎ የሚሸጠው ኮፊያ ካኔፎራ ነው። የቡናን ታሪክ ሲተርክ የኖረው ዓለም የቡናን እናት በእርግጥ ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን አጸድ የተገኘ ጥያቄ

ከቀጋ ሌላ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ሁለተኛ ጽጌረዳ አለ። የፈረንሳዩ የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ስለ ሐበሻ ዕፀዋት ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ፥ በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ ተተክሎ የተገኘ ፈዛዛ ሮዝ አበባ ያለው ጽጌረዳ «ሮዛ ሳንክታ» ማለት «ቅዱስ ጽጌረዳ» ብሎ ሰየመ። ይህ ተክል በኤውሮፓና በአሜሪቃ የአትክልት ነጋዴዎች ዘንድ እስከ ዛሬ «የሐበሻ ቅዱስ ጽጌረዳ» እየተባለ ይሸጣል።

ሊቃውንት ይህ ጽጌረዳ ዲቃላ መሆኑንና አንደኛው ወላጁ የኤውሮፓና የታናሽ እስያው ሮዛ ጋሊካ መሆኑን ይቀበላሉ። ሁለተኛውን ወላጅ ግን አንዳንዶቹ የሶርያና የሊባኖሱ ሮዛ ፊኒኪያ ነው ሲሉ፥ ሌሎቹ የለም ቀጋ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ የክሎሮፕላስት ምስክርነት ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይታያል። ጽሑፉ ከቀጋ ጽሑፍ ጋር ቢስማማ እናቱ ቀጋ ናት፤ እንዲህ ከሆነ መዳቀሉ የተፈጸመው ቀጋ በሚበቅልበት አገር ነው ለማለት ጠንካራ ምክንያት ይገኛል። ከፊኒኪያው ጋር ቢስማማ ተክሉ ተዳቅሎ ካበቃ በኋላ ከሰሜን የመጣ ነው። ከጋሊካ ጋር ቢስማማ ደግሞ እናቲቱ ጋሊካ ስለ ሆነች አባቱን ከአስኳሉ ጽሑፍ መፈለግ ግድ ይሆናል። ከሦስቱ መልሶች የትኛውም ቢመጣ አገሪቱ አንድ ነገር ታተርፋለች፤ በስምዋ የሚሸጠውን ዕቃ ታውቀዋለች።

የምስክሩ ወሰን

አንድ ምስክር ብቻውን ሰምቶ መፍረድ ግን ዳኛን ያሳስታል። የክሎሮፕላስት ጽሑፍ እናትን ብቻ ስለሚናገር በጽጌረዳ ቤተሰብ ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ያታልላል። ጽጌረዳዎች በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ አንድ ዝርያ ከጎረቤቱ ጋር ተዳቅሎ ልጆቹ ደጋግመው ወደ አባታቸው ወገን ቢመለሱ፥ መልካቸውና አስኳላቸው የአባት ሆኖ ክሎሮፕላስታቸው ግን የባዕድ እናት ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ከክሎሮፕላስቱ የተሣለው የትውልድ ዛፍና ከአስኳሉ የተሣለው ዛፍ ሳይስማሙ ይቀራሉ። የውሻ ጽጌረዳ የሚባለው የኤውሮፓ ወገን ከዚህም የባሰ እንግዳ ጠባይ አለው፤ ብዙዎቹ 35 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፥ ከእነዚህ 28ቱ ከእናት፥ 7ቱ ብቻ ከአባት ይወረሳሉ።

እንደዚሁም በገበያ ላይ ያሉትን አዳዲስ የጽጌረዳ ዓይነቶች አንዱን ከሌላው ለመለየት የክሎሮፕላስት ጽሑፍ በቂ አይደለም። ከአንድ እናት የተወለዱ እኅትማማች ዓይነቶች በዚህ ጽሑፍ አንድ ናቸው። ለዚህ ሥራ የአስኳሉ ምልክቶች ያስፈልጋሉ። የጽጌረዳ አስኳል ሙሉ ጽሑፍ በ2018 ታትሟል፤ የተነበበውም በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከቻይና ወደ እንግሊዝ የገባውና ዓመቱን ሙሉ የማበብን ጠባይ ለኤውሮፓ ጽጌረዳዎች ካወረሱት አንዱ የሆነው «ኦልድ ብለሽ» ነው። እንግዲህ ትክክለኛው አካሄድ ሁለቱን ምስክሮች ማቅረብ ነው፤ ክሎሮፕላስቱ በርካሽ ዋጋ መንገዱን ይጠርጋል፥ አስኳሉ ደግሞ ፍርዱን ያጸናል። የዘር ጽሑፍ መነበቡ ብቻ ነገ ገንዘብ ያመጣል ብሎ ለነጋዴ የሚሰብክ ሰው ቢኖር እርሱ ሊታመን አይገባውም።

ነጋዴው ምን ያገኛል?

ጥቅሙ በሦስት ወገን ነው። አንደኛው የስም እርግጠኛነት ነው። ለመላክ የሚመረተው ጽጌረዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ሆኖ በሚሸከመው በሌላ ዓይነት ጽጌረዳ ላይ ተዳቅሎ የሚተከል ነው። የተሸካሚው ማንነት ቢሳሳት የተክሉ ጤንነትና ዕድሜ ይሳሳታል። የእናት ሐረጋቸው ከተለያዩ ዝርያዎች የመጡ ተሸካሚዎችን በአንዲት ቅጠል መለየት መቻል ለገዢውም ለሻጩም ዋስትና ነው።

ሁለተኛው አዲስ ዓይነት ለማውጣት መሠረት መጣሉ ነው። ቀጋ በሰሜን ተራሮች፥ በሸዋ፥ በአርሲ፥ በባሌና በሐረርጌ ደጋ ይገኛል። እነዚህን ደጋዎች ታላቁ የስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሏቸዋል። በሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያለው ቀጋ አንድ ዓይነት የእናት ሐረግ አለው ወይስ ለብዙ ዘመን ተለያይቶ የኖረ ነው? የየመኑስ ለየትኛው ይቀርባል? ይህ መልስ ካልተገኘ፥ ለማዳቀል የሚፈለገው ልዩ ልዩ ጠባይ የት እንደሚገኝ፥ የትኛውንም ስፍራ አስቀድሞ መጠበቅ እንደሚገባ ለማወቅ አይቻልም። በአንድ የውጭ አገር የአትክልት ስፍራ ከተተከለ ከአንድ ቀጋ የተቀጠፈች ቅጠል ስለ ደጋው ሁሉ ልትናገር አትችልም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የባለቤትነት ነገር ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ሁለት ትምህርት አግኝታለች፤ አንደኛው መራራ፥ ሁለተኛው ጣፋጭ ነው። መራራው የጤፍ ነው። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ የጥቅም ተካፋይነት ውል ተደርጎ ነበር፤ አገሪቱ ከውሉ የጠበቀችውን ጥቅም ሳታገኝ ቀረች፥ በኤውሮፓም ስለ ጤፍ ዱቄት የፈጠራ ባለመብትነት ተሰጠ። የሔግ ፍርድ ቤት ይህ መብት በሆላንድ ዋጋ የሌለው መሆኑን የፈረደው በ2018 ነው። ጣፋጩ የቡና ነው። ከ2005 ጀምሮ ይርጋ ጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉት ስሞች በውጭ አገሮች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ በተደረገው ጥረት፥ የስም ዋጋ ለባለስሙ እንዲከበር መንገድ ተከፍቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ በቡናው ኢትዮጵያ ቀድማ መዝገቡን ያዘች፥ በጤፉ ግን ሌላ ሰው ቀደማት።

ሕጉ አልጎደለም። በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የአገሪቱን የዘር ሀብት ለመውሰድ ፈቃድና የጥቅም ተካፋይነት ውል እንዲያስፈልግ ደንግጓል። የናጎያው የመንግሥታት ስምምነትም በ2014 ሥራ ላይ ውሏል። ነገር ግን ዘመኑ ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። የዘር ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተነቦ በዓለም መዝገብ ከገባ በኋላ፥ ተክሉን ሳይነካ፥ ድንበርም ሳይሻገር ሊሠራበት የሚፈልግ ሁሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ነገር በ2022 በሞንትሪያል፥ በ2024 ደግሞ በኮሎምቢያ በካሊ ከተማ መንግሥታት መክረው፥ ከዘር ጽሑፍ የሚጠቀሙ ትላልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚያዋጡበት ሣጥን እንዲቋቋም ወስነዋል፤ ሣጥኑም በየካቲት ወር 2025 በሮም ተከፍቷል። በእንዲህ ያለ ክፍያ ድርሻዋን ለመጠየቅ የምትፈልግ አገር፥ ጽሑፉ ከየትኛው መሬት እንደ ተነሣ በማስረጃ ማሳየት ይገባታል። ማስረጃውም የሚገኘው ቅጠሉ ሲቀጠፍ በተጻፈው መዝገብ ነው።

ወጪውና ተግባሩ

ይህን ሲሰሙ «የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ነጋዴ ግብሩን ከፍሏል» የሚሉ አይጠፉም። አባባላቸው በከፊል እውነት ነው። የአገሪቱ የዕፀዋት ዘር ማእከል በ1976 ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ዘር ሰብስቧል፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም ከ1980 እስከ 2009 በተደረገው ድካም ተፈጽሟል። ሆኖም እነዚህ ሊቃውንት አስቀድመው ይመለከቱ የነበረው እህልን ነው፤ መመልከታቸውም የተገባ ነበር። አበባን ከማንም አስቀድሞ የሚመለከተው ከአበባ የሚበላው ሰው ነው።

ወጪው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ከባዱ ሥራ መኪናው ሳይሆን እግሩ ነው፤ ማለት ከደጋ ደጋ እየተዘዋወሩ ቅጠል መቅጠፍ፥ ስፍራውን፥ ከፍታውንና ቀኑን መጻፍ፥ ናሙናውን አድርቆ በማኅደር ማስቀመጥ ነው። ይህን የአገሩ ሰው ከማንም ይበልጥ ይሠራዋል፤ ቀጋው የት እንደሚገኝ የሚያውቀው እረኛው ነውና።

ስለዚህ ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂትና የተቈረጡ ናቸው። አበባ ላኪዎች በማኅበራቸው አማካይነት ከትርፋቸው ጥቂት አዋጥተው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምርመራ ድጋፍ ቢሰጡ፥ ቀጋ ከሰሜን እስከ ደቡብ፥ ከስምጥ ሸለቆውም ወዲህና ወዲያ ተሰብስቦ የክሎሮፕላስቱና የአስኳሉ ጽሑፍ በአገር ልጆች እጅ ሊነበብ ይችላል። እያንዳንዱ የአበባ እርሻ በግቢው ዳር ጥቂት መሬት ለይቶ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣ ቀጋ ቢተክል፥ ሕያው ግምጃ ቤት ይሆናል፤ ማገዶ ለቃሚም አይደርስበትም። የትግራዩ ቅዱስ ጽጌረዳ ዛሬም በቆመበት አጸድ ሁሉ ከካህናቱ ጋር በመመካከርና በፈቃዳቸው ቢመዘገብ፥ በውጭ አገር በስሙ የሚሸጠው ተክል እርሱ መሆን አለመሆኑ ይረጋገጣል። ጽሑፉም ለዓለም ከመገለጡ በፊት በአዋጁ መሠረት ምንጩ ተጽፎ መመዝገብ አለበት። የንግድ ምክር ቤትም ድርሻ አለው፤ ላኪውን፥ ሊቁንና ሕግ ዐዋቂውን በአንድ ገበታ ዙሪያ ማስቀመጥ ከተቋቋመበት ዓላማ ጋር የሚስማማ ነውና።

ምንም ካልተደረገ ደግሞ የሚሆነው ነገር አስቀድሞ ይታያል። ቀጋው ለአጥር መቈረጡን ይቀጥላል፤ የተወሰነው ክፍል ሳይታወቅ ይጠፋል። ከዕለታት አንድ ቀን ሌላ አገር ያለ አንድ አዳቃይ ድርቅን የሚችል ጽጌረዳ አውጥቶ በአዲስ ስም ለገበያ ያቀርበዋል። የሆለታና የዝዋይ አምራችም ተክሉን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ፥ ስለ እያንዳንዱ ግንድ ክፍያ እየከፈለ፥ አያቱ በቤቱ አጥር ሥር ስትበቅል የኖረችውን ጽጌረዳ መልሶ ለውጭ አገር ይሸጣል። ይህ እንዳይሆን ከፈለገ አምራቹ ዛሬ የሚያወጣው ገንዘብ ነገ ከሚከፍለው ኪራይ እጅግ ያነሰ ነው። የንግድ ጥበብም ይህን ሒሳብ ከጊዜው አስቀድሞ መሥራት ነው።